የራጅ ንባብ በጋራ ሲጻፍ፦ ሬዲዮፒዲያ እንዴት ይሠራል? የት ላይስ ይጎድላል?

ከራጅ ክፍል የወጣ ሰው ትልቅ ፖስታ ይዞ ይወጣል። ፖስታው ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፊልም አለ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ሪፖርትም አለ። ምርመራውን ወዳዘዘው ሐኪም ተመልሶ ለመግባት ወረፋ መጠበቅ ግድ ነው። ወረፋው ላይ ደግሞ ስልክ አይጠፋም። ሰውየው ከሪፖርቱ አንዷን ከበድ ያለች ቃል መርጦ ይፈልጋል። ካልሆነም ፊልሙን ወደ መስኮት ብርሃን ያነሣና ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፤ «ይህን የምታነቡ ካላችሁ እባካችሁ»። አሁን አሁን ያንኑ ፎቶ ለቻትጂፒቲ የሚሰጥም አለ።

ቃሏን የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ሬዲዮፒዲያ የሚባል፣ የሕክምና ምስል ንባብን የሚያስተምር ድረ ገጽ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ገጽ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «ማንም እየገባ የሚጽፍበት ነው፤ አትመኑት» ይላል። ሌላው «ሐኪሞቹ ራሳቸው ከዚያው አይደል እንዴ የሚያነቡት? እኛ ብናነበው ምናለበት?» ይላል። ሁለቱም ከእውነቱ ቁራሽ ይዘዋል። ክርክሩ የሚምታታው ግን ገጹ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነና እንዴት እዚያ እንደደረሰ ሳይታወቅ ስለሚጀመር ነው።

## ከፊልም ሣጥን የወጣ ትምህርት

ራዲዮሎጂ የሰውነትን ውስጥ በምስል አይቶ በሽታን የሚለይ የሕክምና ዘርፍ ነው። ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ ሁሉም በዚህ ሥር ይገባሉ። በነገራችን ላይ «ራጅ» ያልነው ከጣልያንኛ ወስደን ነው፤ «ጨረሮች» ማለት ነው። ነገሩ ከቃልም ያልፋል። ዊልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነበር። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በሜይ 1896፣ ናፖሊ ያለ አንድ ወታደራዊ ሆስፒታል ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የጣልያን ወታደሮችን ክንድ በራጅ አይቶ ጥይት ፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው። ከዓድዋ ወዲህ ገና ሦስት ወር አልሞላም።

ይህ ሙያ በማየት የሚለመድ ነው። «ሳንባ ላይ እንዲህ ያለ ነጭ ጥላ ሲኖር የሳንባ ምች ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ዓይን ግን በአንድ ምስል አይሠለጥንም። ብዙ ጤነኛ ሳንባ ያላየ ሰው የታመመውን አይለይም። ለዚህ ነው የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ለትምህርት የሚሆኑ ፊልሞችን እየመረጡ በሣጥን ያስቀምጡ የነበረው። ችግሩ ሣጥኑ እዚያው ቤት መቅረቱ ነው። የሜልቦርኑ ሣጥን ለጎንደር ተማሪ አይከፈትም፤ የጎንደሩም ለሜልቦርን።

ሬዲዮፒዲያ የዚህን ሣጥን ክዳን አነሣ። ያቋቋመው ፍራንክ ጌላርድ የተባለ አውስትራሊያዊ የአንጎልና የነርቭ ራዲዮሎጂስት ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2005። አሠራሩ ዊኪ የሚባለው ነው፦ አንባቢው ራሱ ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርምበት። ውክፔዲያን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። ማንበብ በነፃ ነው። ወጪው የሚሸፈነው በማስታወቂያ፣ በደጋፊዎች መዋጮና በሚሸጡ ኮርሶች ነው። ኮርሶቹም ቢሆኑ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ከመቶ በላይ አገሮች ላሉ ሰዎች በነፃ ይሰጣሉ።

## አንድ ኬዝ ሲከፈት

ገጹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ። አንዱ ጽሑፍ ነው፦ በሽታው ምንድን ነው፣ በምስል እንዴት ይታያል፣ ከምን ጋር ይምታታል። ሌላው ሐኪሞች «ኬዝ» የሚሉት ነው፤ የአንድ እውነተኛ ታካሚ ምስል ከነታሪኩ። ስለ ገጹ የሚጨቃጨቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ጽሑፉን ነው። እኔ ግን ትልቁ ሀብት ኬዙ ይመስለኛል።

ኬዝ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነበበው ታካሚው ምን ብሎ እንደመጣ ነው። «ለወራት የቆየ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ» ዓይነት አንድ መስመር። ቀጥሎ ዕድሜና ጾታ አለ። ስም የለም። ከዚያ ምስሉ ይመጣል። ሲቲ ስካን ከሆነ አንድ ፎቶ አይደለም፤ እንደ ዳቦ የተቆራረጡ ብዙ ምስሎች ናቸው። አንባቢው ከላይ ወደ ታች እያንሸራተተ ያያቸዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መጽሐፍ ከመቶዎቹ ቁራጮች አንዷን መርጦ ቀስት አድርጎባት ያትማል። በእውነተኛ ሥራ ላይ ግን ቀስት የሚያደርግ የለም። ሬዚደንቱ፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም፣ ራሱ ከሁሉም መሃል ያቺን አንዷን ቁራጭ ማግኘት አለበት።

የበሽታውን ስም ደብቆ እንደ ፈተና የማሳየት አማራጭም አለ። ተማሪው ጭንቅላቱን ይሰብራል፣ ይወስናል፣ ከዚያ መልሱን ይገልጣል።

ከሁሉ ይልቅ አንዲት ትንሽ ምልክት ልብ ትባል። ኬዙን የጫነው ሰው ስለ በሽታው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ መምረጥ አለበት። «ሊሆን ይችላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «እርግጠኛ ለመሆን ትንሽ የቀረው»፣ «እርግጠኛ» እያለ ይሄዳል። «እርግጠኛ» ለማለት ብዙ ጊዜ ከምስሉ ውጭ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በናሙና ተረጋግጦ ወይም በቀዶ ሕክምና ታይቶ። ምስል ብቻውን ብዙ ጊዜ እስከ «እርግጠኛ» አያደርስም። ፊልሙን ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ የለጠፈ ሰው የሚፈልገው «እርግጠኛ» የሚለውን መልስ ነው። የሰጠው ግን ምስሉን ብቻ፣ ያውም ከመስኮቱ ነጸብራቅ ጋር።

## «ማንም ይጽፍበታል» ሲባል

እውነት ነው፤ ተመዝግቦ ማረም ይቻላል። ግን የተጻፈው ሁሉ ተጽፎ ብቻ አይቀርም። ለውጦችን የሚያዩ አርታኢ ሐኪሞች አሉ። ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚያሳይ ታሪክም ይቀመጣል። በወረቀት መጽሐፍ ውስጥ ስሕተት ሲገኝ ቀጣዩ እትም እስኪወጣ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። እዚህ በደቂቃ ይታረማል። ኮቪድ በጀመረበት ሰሞን ይህ ልዩነት በደንብ ታየ። ስለ በሽታው በምስል የሚታወቀው ነገር በየሳምንቱ ሲቀያየር መጽሐፍ ሊከተለው አይችልም ነበር።

የተቃዋሚዎቹ ነጥብም ግን ተራ አይደለም። መጽሐፍ ላይ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ስሙ ሽፋኑ ላይ ነው። ሃያ ሰው የነካካው ጽሑፍ ሲሳሳት ማን ይጠየቃል? ደግሞም በደንብ የሚታረሙት ብዙ ሰው የሚያያቸው ገጾች ናቸው። ብርቅ የሆነ በሽታ ላይ የተጻፈ ገጽ ስሕተት ቢኖርበት ለረጅም ጊዜ ማንም ላያየው ይችላል። የአውሮፓ ራዲዮሎጂ ማኅበር የሚያስተዳድረው ዩሮራድ የተባለ የኬዝ ስብስብ በዚህ ምክንያት ሌላ መንገድ መርጧል፦ ኬዙ ከመታተሙ በፊት በሌሎች ባለሙያዎች ይገመገማል። ይዘገያል፤ ግን የወጣው ተበጥሮ የወጣ ነው። የትኛው ይሻላል ቢባል መልሱ ለምን ሥራ እንደተፈለገ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለሊት ተረኛ ሬዚደንት በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር ማየት ሲፈልግ ዊኪው ያሸንፋል።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ የስሕተት ጉዳይ ዋናው ጥያቄ አይመስለኝም። የተጻፈ ስሕተት ይታረማል። የሚያሳስበው ያልተጫነው ነገር ነው።

## ዲስኩና ቲቢው

የጋራ ሣጥን የሚሞላው ሰዎች መርጠው በከተቱት ነው። ሰው ደግሞ የሚከተው የሚያስገርመውን፣ ምስሉ የጠራለትን፣ ውጤቱ የተረጋገጠለትን ነው። ለመክተትም ማሽን፣ ኢንተርኔትና ትርፍ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ስብስቡ የዓለምን በሽታ በልኩ አያሳይም። ማሽንና ጊዜ ያላቸው ቦታዎች ያዩትን ያሳያል።

ይህ ረቂቅ ነገር ይመስላል። አንድ ምሳሌ ላይ ግን በደንብ ይጨበጣል። የአከርካሪ ምስል ሲያስተምሩ የሚነገር የቆየ ብልሃት አለ፦ በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለውን ዲስክ እይ። ዲስኩ ከተበላ ኢንፌክሽን ነው፤ አጥንቱ ተበልቶ ዲስኩ ከተረፈ ግን ካንሰር ጠርጥር። ብልሃቱ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ቲቢ ግን ይህን ሕግ አያከብርም። ተራዎቹ መግል አምጪ ባክቴሪያዎች ዲስክን በፍጥነት የሚያሟሙ ኢንዛይሞች አሏቸው። የቲቢ ባክቴሪያ የለውም። ስለዚህ አጥንቱን እየበላ፣ በጅማቱ ሥር እየሾለከ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ ዲስኩን ለረጅም ጊዜ ሊምረው ይችላል። እንዲህ ያለውን ምስል ቲቢ ብርቅ በሆነበት አገር ያለ ሐኪም ሲያይ ሐሳቡ ቶሎ ወደ ተሠራጨ ካንሰር ይሄዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሐኪም ሲያይ ግን ቲቢ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ መግባት አለበት፤ አገሪቱ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው አገሮች አንዷ ናትና። ከአከርካሪው ጎን ትልቅ የመግል ቋት ካለ፣ ቋቱ ውስጥም እንደ ኖራ የጠጠረ ነገር ከታየ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ምስሉ አንድ ነው። ንባቡ ግን የታካሚው አገር ሲቀየር ይቀየራል። ስታቲስቲክስ የሚያውቁ ሰዎች ይህን «የቅድመ ምርመራ ዕድል» ይሉታል፦ ምስሉን ከማየትህ በፊት በሽታው የመኖሩ ዕድል ምን ያህል ነበር? ሬዲዮፒዲያ ስለ አከርካሪ ቲቢ ይህን ሁሉ አልጻፈም ማለቴ አይደለም፤ ጽፏል። ነገር ግን ዓይን የሚሠለጥነው በተጻፈው ብቻ አይደለም፤ ደጋግሞ ባየው ነው። ካየሃቸው አሥር የተበሉ አከርካሪዎች ዘጠኙ ካንሰር ከሆኑ አሥረኛውንም ካንሰር ልትለው ትቸኩላለህ።

እንዲህ ያለ ስሕተት ዋጋው ከባድ ነው። የአከርካሪ ቲቢ በመድኃኒት ይድናል። ቶሎ ካልተያዘ ደግሞ ሊያጎብጥ፣ ሽባም ሊያደርግ ይችላል።

## ምስሉ ከታሪኩ ሲነጠል

ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስንመጣ ያው ችግር ገዝፎ ይታያል። በዘርፉ ስመ ጥሩው ጄፍሪ ሂንተን እ.ኤ.አ. በ2016 ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን ከአሁኑ ይቁም ብሎ ነበር። በኋላ ራሱ ነገሩን አስፍቼ ተናግሬው ነበር አለ። የራዲዮሎጂስት እጥረት ግን ብዙ አገር ውስጥ ዛሬም አለ።

ማሽኑ የሚማረው እንደ ሬዚደንቱ ብዙ ምስል በማየት ነው። ልዩነቱ ሬዚደንቱ «ታካሚው ማነው?» ብሎ መጠየቁ ነው። ኮቪድ ሲመጣ የራጅ ምስሎች ከሕክምና መጽሔቶችና እንደ ሬዲዮፒዲያ ካሉ ገጾች ተለቃቅመው በአንድ ቋት ተጠራቀሙ። ሐሳቡ ቀና ነበር። ከዚያ ዓለም ሁሉ ኮቪድን በራጅ የሚለይ ፕሮግራም መሥራት ያዘ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ አንድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምገማ 2,212 ጥናቶችን አበጥሮ ለዝርዝር ምዘና 62ቱን አስቀረ። ከ62ቱ ለሕክምና ሊውል የሚችል አንድም አላገኘም።

ከምክንያቶቹ አንዱ ሊያስቅ ይችላል። አንዳንዶቹ ለኮቪድ የአዋቂዎችን ራጅ ሰጡት። «ኮቪድ የሌለበት» ብለው ለማነጻጸሪያ የሰጡት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 5 ዓመት የሆነ ሕፃናትን ራጅ ነበር። ፕሮግራሙ በጣም ጎበዝ ሆኖ ወጣ፤ ኮቪድን ሳይሆን አዋቂን ከሕፃን በመለየት። ሌላው ምክንያት መደጋገም ነው። አንዱ ቋት በሌላ ስም ሌላ ቋት ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ ማሽኑ የተማረበትን ምስል ራሱን ፈተና ላይ አገኘው። ፈተናው ቀድሞ የወጣለት ተማሪ ማለት ነው።

የምስሎቹ ምንጭ የሆኑት ገጾች ጥፋተኛ አይደሉም። እንደ ሬዲዮፒዲያ ባለ ገጽ ላይ ዕድሜው ይጻፋል፤ የሕመሙ ታሪክ ይጻፋል፤ የእርግጠኝነቱ ደረጃ ይጻፋል። ምስሉ ሲገለበጥ ከዚህ ብዙው ወለሉ ላይ ቀረ።

ማሽን አይረባም ማለትም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች የደረት ራጅ ላይ ቲቢን ለመለየት በኮምፒውተር የሚያነብ ፕሮግራም መጠቀም እንደሚቻል መክሯል። አንድ ነገር ግን አስቀምጧል። ፕሮግራሙ «ተጠርጣሪ ነው» የሚልበት የነጥብ ወሰን እንደየአገሩና እንደየሁኔታው ይስተካከል። የዲስኩ ነገር በሌላ በር ተመልሶ መጣ።

## ወረፋ ላይ ያለው ሰውስ?

ሪፖርቱ «ኖጁል» ይላል እንበል። ሳንባ ላይ ያለ ትንሽ ክብ ጥላ ማለት ነው። ሰውየው ይፈልጋል፤ ካንሰር ይመጣለታል። ምክንያቱን ከላይ አይተናል። ለዓመታት ቦታውን ሳይለቅ፣ ሳያድግ የተቀመጠ የድሮ ጠባሳ ማንንም ስለማያስገርም ከካንሰሩ ያነሰ ይጫናል፤ ያነሰም ይታያል። በገሃዱ ዓለም ግን እንዲህ ያለ ትንሽ ጥላ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ቲቢ በበዛበት አገር ደግሞ ጠባሳው ከቀድሞ ቲቢ የቀረ ሊሆን ይችላል።

ቋንቋችንም አያግዝም። «ነቀርሳ» አንዳንዱ ጋ ቲቢ ነው፤ አንዳንዱ ጋ ካንሰር። «ሳንባህ ላይ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል» የተባለ ሰው ስድስት ወር መድኃኒት ውጦ የሚድንበትን ይሁን ሌላውን ሳያውቅ ቤቱ ይገባል።

ስለዚህ «ሐኪሞቹም ከዚያው ነው የሚያነቡት» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይሰነጠቃል። ሐኪሙ ገጹን የሚከፍተው ታካሚውን አይቶ፣ የቀድሞ ፊልሙን አጠገብ አድርጎ ነው። ታካሚው የሚከፍተው አንዲት ቃል ይዞ ነው። ገጹም ቢሆን የተጻፈው ለባለሙያ ነው። ታካሚው ከገጹ የሚጠቀመው ነገር ካለ ለሐኪሙ የሚያቀርበውን ጥያቄ ማዘጋጀት ነው፦ «ይህ ጥላ ባለፈው ዓመት ፊልሜ ላይ ነበረ ወይ?» ይቺን ጥያቄ የሚመልስ ድረ ገጽ የለም። የድሮው ፖስታ ነው የሚመልሳት፤ ካልተጣለ።

## ከዚህ በኩል የሚሄደው ኬዝ

መፍትሔው በወሬ ደረጃ ቀላል ነው፦ ከኢትዮጵያ ብዙ ኬዝ ይጫን። ሥራው ላይ ግን ሦስት ነገር ይጋረጣል።

አንደኛው ክብደቱ ነው። አንዱ የሲቲ ስካን ቁራጭ በተለመደው መጠኑ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ይይዛል። 500 ቁራጭ ያለው ምርመራ 250 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። በሞባይል ዳታ ይህን መጫን በኪስ መቀለድ ነው። ምስሉን ማቅለል ይቻላል፤ ጥራቱን ግን በተወሰነ ደረጃ ይነካል።

ሁለተኛው ማረጋገጫው ነው። ራዲዮሎጂስቱ «ቲቢ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ይጽፋል። ታካሚው ወደ ሌላ ሆስፒታል ይሄዳል። ናሙናው እዚያ ይወሰዳል፤ ውጤቱ እዚያው ይቀራል። ምስሉ ያለው ሰው መልሱ የለውም፤ መልሱ ያለው ምስሉ የለውም። የቀጠሮ ካርድ ላይ ስልክ ቁጥር ጽፎ ደውሎ ከመጠየቅ የተሻለ ዘዴ በሌለበት ቦታ «እርግጠኛ» የሚል ኬዝ ማዘጋጀት ቀናትን ይበላል። በደመወዝም በዕድገትም የሚቆጠርለት ካልሆነ ማን ያደርገዋል?

ሦስተኛው ሚስጥር ጥበቃ ነው፤ ይህኛው በቀላሉ መታለፍ የለበትም። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። የሕክምና ምስል የሚቀመጠው ዳይኮም በሚባል የፋይል ዓይነት ነው። ዳይኮም ምስል ብቻ አይደለም። ከኋላው እንደ ፖስታ አድራሻ የተለጠፈ መረጃ አለው፦ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ የተነሣበት ቦታና ሰዓት። ይህን የሚያጠፉ ፕሮግራሞች አሉ። ሁሉን ግን አያጠፉም። የጭንቅላት ምስል ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ ፊት ይወጣቸዋል። አሜሪካ ውስጥ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የ84 በጎ ፈቃደኞችን የጭንቅላት ኤምአርአይ ከፎቶግራፎቻቸው ጋር ፊት በሚለይ ሶፍትዌር አመሳክረው 83 በመቶውን በትክክል አገኙ።

አልትራሳውንድ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሚስጥሩ የሚወጣበት መንገድ ግን ቀላል ነው። ማሽኑ የታካሚዋን ስም ብዙ ጊዜ በፋይሉ ጀርባ ብቻ አይጽፍም፤ ምስሉ ላይ፣ ከላይ ጥግ ላይ፣ በነጭ ፊደል ያትመዋል። የፋይሉን መረጃ አጥፍቻለሁ ብሎ ተማምኖ የጫነ ሰው ያንን ጥግ ሳያይ ያልፋል። ቴሌግራም ላይ «ደስ የሚል ኬዝ» ተብሎ በስልክ ካሜራ ከስክሪን ተነሥቶ የሚላከው ምስል ላይም ያቺ ጥግ አለች፤ ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ የሆስፒታሉ ስምና የዕለቱ ቀን።